«አባሉ ሲሞት ምን ይሆናል?»፦ የሲስተም አናሊሲስና ዲዛይን ፕሮጀክትን ስለ መገምገም የቀረበ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

የሴሚስተሩ የመጨረሻ ሳምንት ነበር። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የሲስተም አናሊሲስና ዲዛይን (ሶፍትዌር ከመሠራቱ በፊት የድርጅቱን አሠራር አጥንቶ የመንደፍ ትምህርት) ፕሮጀክታቸውን እያቀረቡ ነው። ተራው የደረሰው ግሩፕ ርዕስ «የዕድር ማኔጅመንት ሲስተም» ይላል። ዶክመንቱ ከ80 ገጽ ይበልጣል። ሲስተሙ ምን እንደሚሠራና ከምን እንደተዋቀረ የሚያሳዩት ሥዕሎች፣ የዩዝ ኬዝ፣ የሲኩዌንስ፣ የአክቲቪቲና የክላስ ዲያግራሞቹ፣ በየቦታቸው አሉ፤ ስላይዱም በጥንቃቄ ተሠርቷል። አቅርበው ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፦ «አባሉ ሲሞት ምን ይሆናል?»

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ «አድሚኑ ገብቶ ዲሊት ያደርገዋል» ሲል መለሰ።

ዕድር የሚቋቋመው ሰው ሲሞት ለመድረስ ነው። አባል ሲሞት ለቤተሰቡ ገንዘብ ይሰጣል፤ ድንኳንና ወንበር ይሄዳል፤ አባላት ለቀብር ይጠራሉ፤ ከዚያ በኋላ አባልነቱ ወደ ባለቤቱ ወይም ወደ ልጁ ይዞራል። በተማሪዎቹ ዲዛይን ግን ሞት ማለት ከዳታቤዝ አንድ መስመር መሰረዝ ነው። ነገሩ በአፍ የተሰነዘረ የችኮላ መልስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት። የክላስ ዲያግራማቸውን፣ ማለትም ሲስተሙ መረጃ የሚይዝባቸውን ነገሮች (ክላሶች) እና ግንኙነታቸውን የሚያሳየውን ሥዕል፣ መለስ ብዬ ሳየው ቤተሰብ ከአባል ጋር በጥቁሩ ዳይመንድ ታስሯል። ይህ ምልክት አባሉ ሲጠፋ ቤተሰቡም አብሮ ይጠፋል ማለት ነው። ዕድሩ ሊያስተዛዝነው የሚገባው ቤት፣ ዕድሩ በሚፈለግበት ዕለት ከመዝገብ ይወጣል።

በእጄ በነበረው የማረሚያ ቅጽ መሠረት ይህ ግሩፕ ከ30 ነጥብ 26 አገኘ። ለዚህ ስሕተት ነጥብ የምቀንስበት ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም። ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ 26 ነው።

ዳራ

ኮርሱ ተማሪው ፕሮግራሚንግና ዳታቤዝ ከወሰደ በኋላ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ከመጀመሩ በፊት የሚሰጥ ነው። በዚያ ሴሚስተር 58 ተማሪዎች በ11 ግሩፕ ተከፍለው ነበር። የነጥቡ ክፍፍል ሚድ 20፣ ፕሮጀክት 30፣ ፋይናል 50 ነው። ፕሮጀክቱን የማርመው ከእኔ በፊት ኮርሱን ይሰጥ ከነበረ መምህር በወረስኩት ቅጽ ነበር። ቅጹ እያንዳንዱ ዲያግራም መኖሩን፣ ምልክቱ ትክክል መሆኑን፣ ዶክመንቱ በተሰጠው ፎርማት መጻፉን ይጠይቃል። ለማረም ፈጣን ነው፤ ተማሪ በውጤቱ ቅሬታ ሲያቀርብም መልስ ለመስጠት ይመቻል። በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ለዓመታት ሳልነካው ኖሬያለሁ።

ሌላም ጫና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ለማለፍ 50 በመቶ ማምጣት አለባቸው። ፈተናው የምርጫ ጥያቄ በመሆኑ ከዚህ ኮርስ በቀላሉ የሚጠየቀው የምልክቶች ትርጉም፣ የሞዴሎች ዓይነትና የሂደቶች ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ መምህሩም ተማሪውም ወደዚያ ያደላል።

ችግሩ ምን ነበር?

ውጤቱን ካስረከብኩ በኋላ 11ዱንም ዶክመንቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበብኳቸው። ለማረም ሳነብ ያላየሁት ነገር ያኔ ታየኝ። መድኃኒት ቤት፣ ሆቴል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ዕድር፣ ሁሉም ሎግ ኢን ያደርጋሉ፣ ይመዘግባሉ፣ ያስተካክላሉ፣ ይሰርዛሉ፣ ሪፖርት ያወጣሉ። ስሙን ከሸፈንከው የትኛው የየትኛው ድርጅት እንደሆነ አይለይም። በቤተ መጻሕፍቱ ዶክመንት ውስጥ አንድ ቦታ «ፔሸንት» የሚል ቃል ተረስቶ ቀርቷል፤ ከሲኒየሮች በቴሌግራም የተላለፈ የክሊኒክ ፕሮጀክት ነበር። መረጃ ስለተሰበሰበበት መንገድ የሚያወራው ምዕራፍ በሁሉም ላይ «ኢንተርቪውና ኦብዘርቬሽን ተጠቅመናል» ይላል። ማንን አነጋገሩ? መቼ? ሰውየው ምን አላቸው? አንዱም አልጻፈም።

ይህን ስንፍና ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር። ተማሪዎቹ ግን ሰነፎች አልነበሩም፤ 80 ገጽ ማሰናዳት ሌሊት ያስነጋል። እኔ ነጥብ የሰጠሁት ለሥዕል ስለነበር ሥዕል አመጡልኝ።

ከዚህ በታች ደግሞ ሌላ ምክንያት አገኘሁ፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝም እሱ ነው። «ዲሊት ያደርገዋል» ያለውን ተማሪ ከክፍል ውጭ አግኝቼ «እናንተ ሰፈር ዕድርተኛ ሲሞት እንዴት ነው የሚደረገው?» አልኩት። ምንም ሳያመነታ ዘረዘረልኝ። አባቱ ሲያርፍ እናቱ በስሙ እንደቀጠለች፣ የውዝፍ ነገር እንዴት እንዳለቀ፣ ድንኳኑ ስንት ቀን እንደቆየ ነገረኝ። ሁሉንም ያውቃል። የሚያውቀው ግን በአማርኛ ነው፤ ዶክመንቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ፎርማቱን ሲከፍት «ሜምበር»፣ «ፔይመንት»፣ «አድሚን» የሚሉ የተዘጋጁ ቃላት ይጠብቁታል። ቃላቱን ሲቀበል የቤቱን እውቀት በር ላይ ትቶ ይገባል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በሚቀጥለው ሴሚስተር፣ በሚቀጥሉት ተማሪዎች ላይ አራት ነገር ለወጥኩ።

አንደኛ፣ ርዕስ መምረጥ ቀረ። ሁሉም ግሩፕ አንድ እውነተኛ ዕድር እንዲያጠና ተደረገ። በግቢው አቅራቢያ ካለ ዕድር ጋር በትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ተነጋገርን። ጸሐፊው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ተማሪዎቹ ጋሼ ይሏቸዋል። መዝገቡን ሊያሳዩን ፈቀዱ፤ የአባላት ስም ከክፍል እንዳይወጣና ፎቶ እንዳይነሣ ተስማማን።

ሁለተኛ፣ የፕሮጀክቱ 30 ነጥብ እንደ አዲስ ተከፋፈለ። ለመስክ ማስታወሻና ለቃላት መዝገብ 10፣ ለሞዴሎቹ 8፣ ለለውጥ ጥያቄ 6፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ የቃል ማብራሪያ 6። የመስክ ማስታወሻው የተናጋሪውን ቃል እንዳለ በአማርኛ መያዝ አለበት። የቃላት መዝገቡ ደግሞ ዕድሩ የሚጠቀምበትን ቃል፣ በዕድሩ ዘንድ ያለውን ትርጉምና በሞዴሉ ውስጥ የት እንደገባ ያሳያል። ወደ እንግሊዝኛ የሚመለሰው ትርጉሙ ከተጻፈ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፣ በአሥረኛው ሳምንት የለውጥ ጥያቄ አመጣሁ። ከጸሐፊው ጋር ተማክረን፣ በጠቅላላ ጉባኤያቸው ይነሣ ከነበረ ጉዳይ የወሰድነው ነው፤ ወደ ኮንዶሚኒየም የሄዱ አባላት አባልነታቸው ይቀጥላል፣ ነገር ግን ሩቅ ስለሆኑ ዕቃ አይላክላቸውም፣ በምትኩ የሚሰጣቸው ገንዘብ ይጨምራል። ግሩፖቹ ዲያግራሙን እንደገና እንዲስሉ አልጠየቅኩም። ለውጡ የትኞቹን የዲዛይን ክፍሎች እንደሚነካና የትኞቹን እንደማይነካ በአንድ ገጽ እንዲያስረዱ ብቻ ነው የጠየቅኩት።

አራተኛ፣ ወደ መስክ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ለለንደን የአምቡላንስ አገልግሎት ሰጠሁ። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 1992 አምቡላንስ በኮምፒዩተር የሚያሰማራ ሲስተም ሥራ አስጀመረ፤ ሲስተሙ በሰዓታት ውስጥ ተዘበራረቀ። ጥሪ ጠፋ፣ ጥሪ ተደጋገመ፣ መኪኖች የት እንዳሉ መለየት አልተቻለም። ኖቬምበር 4 ደግሞ ጨርሶ ቆመ። ተማሪዎች ወዲያው የሚይዙት የኖቬምበሩን ምክንያት ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ሜሞሪ ይዞ የማይለቅ ትንሽ ኮድ ተረስቶ ነበር። በፌብሩዋሪ 1993 የወጣው የአጣሪዎች ሪፖርት ግን ከኮዱ ርቆ ይሄዳል። ዲዛይኑ የእያንዳንዱ መኪና ቦታና ሁኔታ ሁልጊዜ በትክክል ይታወቃል ብሎ ተነሥቶ ነበር። በሥራ ላይ ያለ የአምቡላንስ ሠራተኛ ግን ቁልፍ መጫን ይረሳል፣ ቅደም ተከተሉን ያዛባል፣ ሬዲዮውም የማይሠራበት ቦታ አለ። ከዚህ በኋላ ለተማሪዎቹ አንድ ጥያቄ ሰጥቼ ላክኋቸው፦ «ዕድሩ ጋር ስትሄዱ፣ ሁልጊዜ ይሆናል ብላችሁ የገመታችሁት የትኛው ነገር ነው የማይሆነው?»

የሠራው

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከመዋጮ ነው። ተማሪዎቹ አባሉ በወሩ መጀመሪያ መጥቶ ይከፍላል ብለው ነበር። ክፍያ በሚሰበሰብበት እሑድ ሲታዘቡ ደብተር ይዞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ልጅ ወይም ጎረቤት ሆነ። አንዲት ሴት የሦስት ቤት ደብተር ይዛ መጣች። ከፋይና አባል የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ከዚያ ቀን በኋላ በሁሉም ሞዴል ላይ ታየ።

ትልቁ ግኝት ግን ከአንድ ጥያቄ ወጣ። አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ ሁለት ወንድማማቾች አባል ቢሆኑና አባታቸው ቢሞትስ?» ብላ ጠየቀች። ጸሐፊው «ለሁለቱም ይከፈላል፤ ድንኳኑ ግን አንድ ነው» አሉ።

ይህች አጭር መልስ የአብዛኞቹን ግሩፖች ዲዛይን አፈረሰች። እስከዚያ ድረስ ሞት በአባሉ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ አምድ ነበር፤ ቀኑ ይሞላል፣ ክፍያ ይወጣል። አሁን አንድ ሞት ሁለት ክፍያ ይወልዳል፣ የዕቃ ውሰት ግን አንድ ብቻ ነው፤ ሟቹ ደግሞ ራሱ አባል አይደለም። ተማሪዎቹ ለሁለት ሳምንት ተከራከሩ። አንዱ ግሩፕ መጨረሻ ላይ «ለቅሶ» የሚባል ራሱን የቻለ ክላስ አወጣ። ለቅሶ ሟች አለው፣ ቀን አለው፣ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ አለው፤ በአንድ በኩል ከአንድ ወይም ከብዙ አባላት ጋር፣ በሌላ በኩል ከዕቃ ውሰት ጋር ይገናኛል። ክፍያው በአባሉና በለቅሶው መካከል ተቀመጠ። መጠኑ እንደ ዝምድናው ስለሚለያይ፣ የትዳር ጓደኛና ልጅ፣ አባትና እናት፣ አማትና ወንድም በደንቡ መሠረት በተለየ ሠንጠረዥ ገቡ። የአሥረኛው ሳምንት ለውጥ ሲመጣ ይህ ግሩፕ የነካው ያንን ሠንጠረዥና አንድ ደንብ ብቻ ነበር። የክፍያውን መጠን ኦፕሬሽኑ (ክላሱ የሚያከናውነው ሥራ) ውስጥ በቁጥር የጻፉት ግን ገጹን በሚነኩ ነገሮች ዝርዝር ሞሉት። ለለውጥ የሚመች ዲዛይን ምን እንደሆነ ሳልናገር ያስተማርኩበት ቀን ነው።

የቃላት መዝገቡም ብዙ ነገር አወጣ። «ውዝፍ» በመጀመሪያው ረቂቅ ዕዳ ተብሎ ተተርጉሞ ነበር። በዕድሩ ዘንድ ውዝፍ ከተወሰነ ወር ካለፈ ቅጣት ይጨምራል፣ ከዚያም ካለፈ መብት ያሳግዳል፤ ስለዚህ የአባሉን ሁኔታ የሚቀይር ነገር ነው። አንድ ነገር ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያሳየው ስቴት ዲያግራም ለምን እንደሚያስፈልግ ለብዙዎቹ ያኔ ገባቸው። የአባላቱ ቁጥር ሲጠየቅ ጸሐፊው በሰው አይቆጥሩም፣ በቤት ይቆጥራሉ። ጳጉሜን መዋጮ የለባትም፤ በዕድሩ ዓመት 12 ክፍያ እንጂ 13 የለም። አንድ ግሩፕ ክፍያውን በወራት ቁጥር ስላባዛ በየዓመቱ አንድ መዋጮ አስበልጦ ያስከፍል ነበር። ሰዓቱም አከራከረ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የተከሰተን ሞት ጸሐፊው «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ» ብለው ይመዘግባሉ፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ቀኑን ቀይሯል። ውዝፉን ማክሰኞ ማታ ከፍሎ ያደረ ቤት መብቱ የሚወሰነው በዚህ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ስምም አለ። በመዝገቡ አንዱ ሰው ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሃይሉ ተብሎ ተጽፏል፤ ለኮምፒዩተር ሦስት ሰው ነው። ተማሪዎቹ ጸሐፊው የጻፉትን እንዳለ አስቀምጠው፣ ለፍለጋ ብቻ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ የሚያመጣ ሁለተኛ አምድ ጨመሩ። ይህን መፍትሔ ከየትኛውም የሲኒየር ዶክመንት ላይ ሊገለብጡት አይችሉም ነበር።

ያልሠራው

የመጀመሪያው የመስክ ሳምንት መጥፎ ነበር። 11 ግሩፕ በየራሱ እየሄደ ተመሳሳይ ጥያቄ ጠየቀ። በአራተኛው ቀን ጸሐፊው ደወሉልኝና «መምህር፣ ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ግን ትናንት የነገርኩትን ዛሬም እየነገርኩ ነው» አሉኝ። አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቹ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ተጣሩ፤ ከየግሩፑ አንድ ተማሪ የተገኘበት የጋራ ቃለ መጠይቅ ሦስት ጊዜ ብቻ ተደረገ። ይህን ከመጀመሪያው ማሰብ ነበረብኝ።

አንድ ግሩፕ የመስክ ማስታወሻውን ፈጥሮ ጻፈ። የታወቀው ማስታወሻው ላይ ያለው እሑድ ጸሐፊው ክፍለ ሀገር የነበሩበት ስለሆነ ነው። ነጥቡን ከልክዬ አንድ ጊዜ እንደገና እንዲሠሩ ፈቀድኩ፤ ፈቃዱ ትክክል ነበር ወይ የሚለውን ከባልደረቦቼ ጋር ዛሬም አልተስማማንበትም።

የቃል ማብራሪያው ለ58 ተማሪ በአሥር ደቂቃ 580 ደቂቃ ነው፤ ወደ አሥር ሰዓት ይጠጋል። በዚያ ሴሚስተር የተማሪዎቹ ቁጥር ካለፈው ጋር እኩል ስለነበር ሦስት ሙሉ ከሰዓት በኋላ ወሰደብኝ። በመጀመሪያው ቀን ማብራሪያው በእንግሊዝኛ እንዲሆን አድርጌ ነበር። ዲያግራሙን ራሷ እንደሠራችው የማውቃት ተማሪ ሳይቀር ቃል አጥራ ዝም አለች። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በፈለጉት ቋንቋ እንዲያስረዱ ፈቀድኩ፤ የመጀመሪያዎቹንም መልሼ ጠራኋቸው። አፍ መፍቻቸው አማርኛ ላልሆነ ተማሪዎች ግን ይህም ቢሆን ሙሉ ፍትሕ አልሆነም፤ አንዱ በአፋን ኦሮሞ ያስረዳው የነገሩን ሥር ነበር፣ የተረዳሁት በባልደረባዬ እርዳታ ነው።

የምልክት ጥራት ወረደ። በዩዝ ኬዝ ዲያግራም ላይ አንዱ ተግባር (ዩዝ ኬዝ) ሌላውን እንደሚያካትት ወይም በሌላው ላይ እንደሚቀጠል የሚያሳዩት የኢንክሉድና የኤክስቴንድ ቀስቶች ከቀድሞው በላይ ተገለበጡ፤ ኢንክሉድ ከዋናው ዩዝ ኬዝ ወደሚካተተው፣ ኤክስቴንድ ደግሞ ከሚቀጠለው ወደ ዋናው መሄዱን ብዙዎች ቀላቀሉት። የመውጫ ፈተና ከፊታቸው ስላለ ይህን ቀላል ጉዳይ ብዬ ልተወው አልችልም። በሁለተኛው ዙር በየሳምንቱ የ15 ደቂቃ የምልክት ልምምድ ጨመርኩ፣ ከዕድሩ ዲያግራም ላይ ሆን ብዬ እያበላሸሁ እንዲያርሙ። የተሻለ ሆነ።

ሌላውን ክፍል የሚያስተምር ባልደረባዬ ነጥብ አሰጣጡ በሁለቱ ክፍሎች መለያየቱን ተቃወመ፤ መቃወሙ ልክ ነበር። ትምህርት ክፍሉ ተነጋግሮ ሁለታችንም በአንድ ቅጽ እንድናርም ወሰነ። ለመስክ ሥራው የሰጠሁት 10 በድርድር 8 ሆነ፤ ለሞዴሎቹ የነበረው 8 ደግሞ 10።

ለሌላ መምህር የሚተላለፍ

ይህን ለመሞከር ለሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት የምለው የማረሚያ ቅጹን እንዲያይ ነው። ሌክቸሬን ብቀይርና ቅጹን ባልቀይር ምንም እንደማይለወጥ አምናለሁ፤ ተማሪ የሚያነበው ቅጹን ነው። በቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ቢጨመር እንኳ ለውጥ አለ፦ «በዚህ ዲያግራም ውስጥ ከሰው አንደበት ሰምታችሁ ያስገባችሁትን አሳዩኝ፤ ማን ነገራችሁ?»

ዕድር የግድ አይደለም። የግቢው ክሊኒክ ካርድ ክፍል፣ የመናኸሪያ ስምሪት፣ የሰፈር ወፍጮ ቤት ሁሉ ይሆናሉ። የሚያስፈልገው ተማሪው አስቀድሞ በቋንቋው የሚያውቀው፣ ግን ጠጋ ብሎ ሲጠይቅ የማያውቀው ደንብ ያለበት ቦታ ነው። ሁሉም ግሩፕ አንድ ቦታ ማጥናቱ መገልበጥን ያበዛል ብዬ ፈርቼ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ሁሉም አንድ ነገር ስለሰሙ ዲዛይኖቻቸውን ክፍል ውስጥ ማወዳደር ተቻለ፤ «ለቅሶ» ክላስ መሆን አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ክርክር የመጣው ከዚያ ነው።

ለባለጉዳዩ ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል። እኛ አልነገርናቸውም ነበር። በሴሚስተሩ መጨረሻ ጸሐፊው «እንግዲህ ኮምፒዩተሩ መቼ ይመጣል?» ብለው ጠየቁ። በዚህ ኮርስ ሶፍትዌር አይሠራም፤ ያንን ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ያየሁት ቅሬታ እስካሁን ይከብደኛል። ተማሪዎቹ ተሰብስበው በራሳቸው ተነሣሽነት አንድ ነገር አደረጉ። የቤተሰብ ማስመዝገቢያ ቅጹን እንደገና በወረቀት ነደፉት፤ ለዝምድና የተለየ ዓምድ፣ ለወራሽ ስም ቦታ፣ ደብተሩን ይዞ ለሚመጣ ሰው አንድ መስመር ጨመሩበት። አባዝተው ሰጧቸው።

ጸሐፊው ከክረምቱ በኋላ ቅጹን ይዘው ቢሮዬ መጡ። የስልክ ቁጥር ቦታው ለሁለት ቁጥር እንደማይበቃ፣ ውጭ አገር ላሉ ልጆች የሚጻፍበት ቦታ እንደሌለ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርገውበታል። የዘንድሮዎቹ ተማሪዎች ሥራቸውን የጀመሩት በዚያ ወረቀት ነው።